ቲማቲሙ የተረጨው መቼ ነው?



በጸሐፊነት ከማገለግልበት የንግድ ቤት ደጅ አንድ ማለዳ ከመቂ የመጣ ቲማቲም ሲራገፍ ቆሜ ሣጥኑን እቈጥር ነበር። ከፍሬው ላይ ዱቄት መሰል እድፍ አየሁና ምን እንደ ሆነ ጭነቱን ያመጣውን ሰው ብጠይቀው፤ «መድኃኒት ነው፤ ትናንት ጧት ተረጭቶ ማታ ተለቀመ» ሲል ያለ አንዳች ኀፍረት መለሰልኝ። እኔም ክብደቱንና ዋጋውን በደረሰኙ ላይ ጻፍሁ፤ የነገረኝን ቃል የምጽፍበት ሥፍራ ግን በደረሰኙ ላይ አልነበረም። ይህን አስተያየት ለማቅረብ ያነሣሣኝ ይኸው ጕድለት ነው።

ገበሬው መድኃኒት መርጨቱ በራሱ ነውር አይደለም። በስምጥ ሸለቆ በመስኖ የሚለማውን ቲማቲም ሻጋታና ትል ዘወትር ያጠቁታል፤ ይልቁንም በ2004 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራችን የገባው ቱታ አብሶሉታ የተባለው ተባይ ብዙ ማሳ አጥፍቷል። ነገር ግን ከርጭት እስከ ለቀማ ስንት ቀን መቈየት እንዳለበት በየመድኃኒቱ ዕቃ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ያ ቀን ሳይሞላ የተለቀመ ፍሬ መድኃኒቱን ይዞ ወደ ገበያ ይመጣል። የቤት እመቤቲቱ ብታጥበው ከላዩ ያለውን በከፊል ታስለቅቅ ይሆናል፤ ወደ ውስጥ የዘለቀውን ግን ውሃ አያወጣውም። ከክብደታቸው ጋራ ሲመዛዘን ብዙ የሚመገቡት ሕፃናት ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ለጕዳት የተጋለጡ ናቸው።

ይህ የገበሬ እንጂ የነጋዴ ጕዳይ አይደለም የሚል ቢኖር፤ በ2000 ዓ.ም. በቡናችን ላይ የደረሰውን ያስታውስ። ጃፓን በ1998 ዓ.ም. ባወጣችው ደንብ፤ የተለየ ገደብ ላልተወሰነለት መድኃኒት ሁሉ በኪሎ ከ0.01 ሚሊግራም በላይ እንዳይገኝ ከልክላ ነበር። ይህም በነጋዴ ሚዛን ቢተረጐም፤ ከአንድ ሺሕ ኩንታል ውስጥ አንድ ግራም ማለት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ በኢትዮጵያ ቡና ላይ ከገደቡ ያለፈ የፀረ ተባይ ቅሪት ስለ ተገኘ፤ ወደዚያ አገር የሚላከው ቡና እጅግ አሽቈለቈለ። ከተጠረጠሩት ምክንያቶች ዋናው ማሳው ሳይሆን ቡናው የተሞላበት ጆንያ ነበር። እንግዲህ ጥፋት በእርሻ ላይ ብቻ ሳይሆን በገዛ መጋዘናችንም ሊገባ እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

የፀረ ተባይ ምዝገባና ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 674/2002 ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። ነገር ግን ተቈጣጣሪ በየማሳው ሊቆም አይችልም፤ በየጭነቱ አጠገብ የሚቆመው ገዢው ነጋዴ ነው። ወደ አውሮፓ ፎሶሊያ የሚልክ ነጋዴ የርጭት መዝገብ አቅርብ ሲባል ያቀርባል። ለራሳችን ልጆች የሚሸጠው ቲማቲምና ጎመን ግን ያለ አንዳች ጥያቄ ያልፋል። ለባዕድ ገዢ የሚደረገው ጥንቃቄ ለወገን ስለምን ይነፈጋል?

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፤ አትክልትና ፍራፍሬ በምንረከብበት ደረሰኝ ላይ የመድኃኒቱ ስምና የርጭቱ ቀን ይጻፍ፤ ሻጩም ይፈርምበት። ሁለተኛ፤ ቀኑ ያልሞላውን ጭነት አንግዛ፤ ቀኑን ጠብቆ ለሚለቅም ገበሬ ግን በዋጋ ጥቂት እንጨምርለት፤ ስለ ጠበቀ ሊከስር አይገባውምና። ሦስተኛ፤ የተባይ መድኃኒት ከምግብ ጋራ በአንድ መጋዘን አይቀመጥ፤ የመድኃኒት ማሸጊያ የነበረ ዕቃም ለምግብ አይዋል።

ገበሬው ሐሰተኛ ቀን ቢያስጽፍስ የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። የላቦራቶሪ ምርመራ ለአንድ ባለ ሱቅ ውድ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ነጋዴዎች ገንዘብ አዋጥተው በየጊዜው ጥቂት ናሙና ቢያስመረምሩ፤ የፈረመበትን ቀን የሚያፈርስ ሻጭ መታወቁ አይቀርም። ቀኑን መጻፍ ግን ከቀለምና ከወረቀት በስተቀር ምንም አያስወጣም።

የቡናው ጕዳት ሌሎች መርምረው ከነገሩን በኋላ የተሰማ ነበር። የቲማቲሙን ግን ሳይቃጠል በቅጠል እንድንለው፤ ከነገው ጭነት ጀምሮ ሻጩን «መቼ ተረጨ?» ብለን እንጠይቅ።