በሁለቱ ገናዎች መሃል ኤርፉርት ደርሳችሁ ኑ!

ዛሬ ወሬያችን ስለ ክረምት ሽርሽር ነው። "በክረምት ደግሞ ምን ሽርሽር አለ?" እንዳትሉን! የኛን ሐምሌና ነሐሴ ሳይሆን የጀርመኖቹን ክረምት ማለታችን ነው። ያን ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ የሚጨልመውን፣ ጆሮ የሚቆርጠውን።

ጀርመን የሚኖሩ ወገኖቻችን ገናን ሁለቴ ያከብራሉ። አንዱን ከጎረቤት ጋር ዲሴምበር 25፣ ሌላውን በነጠላና በዶሮ ወጥ ጃንዋሪ 7። መሃል ላይ 12 ቀን ይተርፋል። ልጆች ትምህርት የላቸውም። ዓመቱን ሙሉ በፈረቃ ሥራ ሲተላለፉ የከረሙት እናትና አባትም፣ ፈቃድ ከቀናቸው፣ አንድ ላይ የሚውሉት ያኔ ነው። ታዲያ ይህቺን ጊዜ ምን እናድርግባት?

የተለመደውን ሁላችንም እናውቀዋለን። አንድ ያማረ አሮጌ ከተማ መሄድ፣ ካቴድራል ፊት ፎቶ መነሳት፣ የተጠበሰ ቋሊማ በዳቦ መብላት፣ በብርዱ መማረር፣ መመለስ። ክፋት የለውም። እኛ ግን ከዚህ የተሻለ ሐሳብ አለን። ኤርፉርት ሂዱ! ምክንያታችንን እስክንጨርስ ታገሱን።

መጀመሪያ ስለ ልጆቹ እናውራ። ወላጅ በአማርኛ ይጠይቃል፣ ልጅ በጀርመንኛ ይመልሳል። ይሄ የማያጋጥመው ቤት ካለ እጁን ያውጣ። ወላጅ ሲጨንቀው የሦስት ሺህ ዘመኑን ታሪክ ይጀምራል፤ ልጁም ስልኩን ይጀምራል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ለብዙ ልጅ አማርኛ ማለት የቁጣ ቋንቋ ነው። "ጫማህን አውልቅ! ስልኩን አስቀምጥ! ዝም በል!" ቋንቋውን በዚህ በኩል ብቻ የሚያውቅ ልጅ ቢሸሸው ምን ይገርማል? "ይሄ እኔ በምኖርበት አገር ምን ይሠራልኛል?" ብሎ መጠየቁስ ጥፋት ነው?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ካላቸው የጀርመን ከተሞች አንዷ ኤርፉርት ናት። የቱሪንገን ግዛት ዋና ከተማ ስትሆን ከፍራንክፈርት በፈጣን ባቡር ከሁለት ሰዓት ብዙም አትርቅም። መሃሏ ላይ "የነጋዴዎች ድልድይ" የሚሉት አለ። ከእንጨት ወደ ድንጋይ የተለወጠው እ.ኤ.አ በ1325 ነው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም በነሱ አቆጣጠር ናቸው)። ግራና ቀኙ ላይ 32 ቤቶች ተደርድረዋል፣ ሰው ዛሬም ይኖርባቸዋል፣ ሱቆችም አሉባቸው። መሃሉ ላይ የቆመ ልጅ ወንዝ ላይ መቆሙን አያውቅም፤ ወርዳችሁ ከጎን ስታሳዩት ነው የሚደነቀው። አለፍ ስትሉ ደግሞ አንድ ኮረብታ ላይ ትከሻ ለትከሻ የቆሙ ሁለት ትልልቅ ቤተክርስቲያኖች ታገኛላችሁ። ማርቲን ሉተር በ1501 ከዚህች ከተማ ዩኒቨርሲቲ የገባ፣ በ1505 እዚሁ ገዳም የመነነ ሰው ነው።

አሁን ወደኛው ነገር እንምጣ። በ1624፣ ያ ድልድይ 300 ዓመት ሊሞላው ትንሽ ሲቀረው፣ በዚህች ከተማ አንድ ልጅ ተወለደ። ስሙ ኢዮብ ሉዶልፍ ይባላል። ሉዶልፍ ገና በወጣትነቱ ያገኘውን መጽሐፍ እያገላበጠ ግዕዝ መማር ጀመረ። ቋንቋውን የሚናገር ሰው ግን ከየት ይምጣ? በ1649 ሮም ሄደ። እዚያ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተክርስቲያን ጀርባ ባለው የኢትዮጵያውያን ማረፊያ አባ ጎርጎርዮስን አገኘ። አባ ጎርጎርዮስ የአማራ ምድር፣ የመካነ ሥላሴ ሰው ነበሩ። አፋቸውን የፈቱት በአማርኛ ነው።

ከዚያስ? በ1652 የጎታው መስፍን ኤርነስት ጋበዛቸውና አባ ጎርጎርዮስ እስከ ጎታ ድረስ መጡ። የሠላሳው ዓመት ጦርነት ካበቃ ገና አራት ዓመቱ ነው፤ አገሩ ቁስሉ አልደረቀም። በዚያ መሃል አንድ የኢትዮጵያ መነኩሴ ፍሪደንሽታይን ቤተመንግሥት ተቀምጠው ስለ አገራቸው ሲጠየቁ፣ ሲመልሱ፣ ቋንቋ ሲያስተምሩ ይታያችሁ! ቤተመንግሥቱ ዛሬም አለ። ጎታም ከኤርፉርት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ናት፤ በባቡር ወዲያው ነው።

አባ ጎርጎርዮስ አገራቸውን ዳግመኛ አላዩም። በ1658 ወደ ምሥራቅ ሲጓዙ በመርከብ አደጋ ሞቱ። ሉዶልፍ ግን የተማረውን አልጣለም። የኢትዮጵያን ታሪክ በ1681 አሳተመ። በ1698፣ መምህሩ ከሞቱ ከ40 ዓመት በኋላ፣ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አወጣ። በዓለም የመጀመሪያው የታተመ የአማርኛ ሰዋስው ያ ነው። የታተመውም ፍራንክፈርት፣ ዛሬ ብዙ የኛ ሰው የሚኖርባት ከተማ! (ይቺን ልብ በሉልን።)

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ ቱግ እንደምትሉ እናውቃለን። "ቋንቋችን ዋጋ እንዳለው ፈረንጅ እስኪመሰክርልን ነው የምንጠብቀው?" ጥሩ ጥያቄ ነው። እኛም የሉዶልፍን ምስክር ወረቀት ይዛችሁ ልጅ ፊት ተንጎራደዱ አላልንም። ታሪኩን ደግማችሁ አንብቡት። ጀግናው ማነው? በእኛ ዓይን ጀግናው መምህሩ ነው። ሉዶልፍ መጽሐፍ ቀድሞም ነበረው። ያልነበረው ቁጭ ብሎ የሚመልስለት ሰው ነበር። አባ ጎርጎርዮስ ያንን ሰጡት። ጊዜ ሰጡት፣ ትዕግሥት ሰጡት፣ ለጥያቄው ሁሉ መልስ ሰጡት። አማርኛ ጀርመን የገባው እንዲህ ተቀምጦ በማውራት ነው።

እኛስ? ልጅ "'ሆድ ይፍጀው' ማለት ምንድነው?" ሲል "አሁን ደክሞኛል፣ በኋላ" እንለዋለን። በኋላ የሚባለው ደግሞ አይመጣም። አባ ጎርጎርዮስ ለባዕድ የሰጡትን ጊዜ ለገዛ ልጃችን ከነፈግን ልጁን በምን አፋችን እንወቅሰዋለን?

ስለዚህ ጉዞው ራሱ ትምህርት ቤት ይሁን። ባቡር ውስጥ በአማርኛ አውሩ፣ ግን ቁጣ የለበትም። ተረት ይነገር፣ እንቆቅልሽ ይጠየቅ፣ ልጅ ሲሳሳት አይሳቅበት። ድልድዩ ላይ ስትደርሱ "ሉዶልፍ ልጅ ሳለ ይሄን ድልድይ ያውቀው ነበር፤ ያንተን ቋንቋ የሚናገር ሰው ያገኘው ግን ሮም ነው። አንተ እቤትህ ነው ያለው" በሉት። አለቀ። ስብከት አትጨምሩበት።

አንድ ነገር ደግሞ አትዝለሉ። ኤርፉርት ካርቶን ላይ እንዳለ ሥዕል ብቻ አይደለችም። አሮጌው ምኩራቧ አንዳንድ ክፍሉ ከ11ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የቆመ ነው። የከተማዋ አይሁዶች በ1349 ተጨፈጨፉ፤ ምኩራቡም መጋዘን፣ በኋላም መጠጥ ቤትና መጨፈሪያ ሆኖ ማንነቱ ተረሳ። በ1998 በአካባቢው የተቀበረ የወርቅና የብር ጌጥ ተገኘ፤ በ2009 ሕንጻው ሙዚየም ሆነ፤ በ2023 የከተማዋ የመካከለኛው ዘመን የአይሁድ ቅርስ በዩኔስኮ ተመዘገበ። "በበዓል ጊዜ ለልጅ እንዲህ ያለ ነገር ይነገራል?" ካላችሁ መልሳችን፦ አዎ፣ እንደ ዕድሜው ይነገራል ነው። ከብዙኃኑ የተለየ መልክና ስም ይዞ ጀርመን ውስጥ የሚያድግ ልጅ፣ ከተማ እንግዳውን አክብሮ እንደሚያስተናግድም ጎረቤቱን እንደሚያጠፋም ማወቅ አለበት። ሁለቱም በእነዚህ በተቀራረቡ ከተሞች ተፈጽመዋል።

ለተጓዥ ሁለት ምክር ብቻ። አንደኛ፣ ሰኞ ሰኞና በበዓላቱ ቀናት ብዙ ሙዚየም ዝግ ስለሆነ አስቀድማችሁ አጣሩ። ሁለተኛ፣ ወፍራም ካልሲ!

ለሁለቱ ከተሞች ሁለት ቀን ይበቃል፤ የቀሩት 10 ቀኖች ለወሬ ናቸው። ልጁ ጃንዋሪ 7 ላይ ዶሮው ሲቀርብ አያቱ ጋ ደውሎ "እማማ፣ ኤርፉርት ሄድን እኮ" ብሎ በአማርኛ ቢጀምርላችሁ፣ ሰዋስው ቢሳሳት እንኳ ግድ የለም፣ አታርሙት። ወሬውን ይጨርስ።

መልካም ገና ይሁንላችሁ… ሁለቱም!