ሦስት ጊዜ አምስት ሺህ ስንት ነው?

ሰሞኑን አንድ ወዳጃችን ደሴ ፒያሳ ቡና ጋበዘንና ከቦርሳው ደብተር አወጣ። ካፌ ሊከፍት ነው። ደብተሩ ላይ የሌለ ነገር የለም፦ የቤት ኪራይ፣ የማሽን ዋጋ፣ ወተት፣ ስኳር፣ መብራት... ሌላው ቀርቶ «ልዩ ልዩ» የሚል ረድፍ ሁሉ አለው። ከታች ደግሞ በትልቁ፦ «ሠራተኛ 3 × 5,000 = 15,000»።

«ይኸው፣ አለቀ» አለን።

እርስ በርስ ተያየን። አላለቀማ!

«ልጆቹን በስንት ነው ያናገርካቸው?»

«ባምስት ሺህ።»

«የሚቆረጠው ተቆርጦ ነው ሳይቆረጥ?»

«ምን የሚቆረጥ አለ? አምስት ሺህ ብያለሁ፣ አምስት ሺህ እጃቸው ይገባል።»

በል እስክሪብቶውን ወዲህ በል አልነው። (እኛ ይህን ያህል የሂሳብ ሰዎች ሆነን አይደለም። ከዚህ በፊት ተቃጥለን ስለምናውቅ ነው። እሱን ወደኋላ እናወራዋለን።)

መጀመሪያ ግብሩ። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ እስከ 2,000 ብር ያለ ደመወዝ ግብር የለበትም። ከዚያ በላይ ያለው በየደረጃው 15፣ 20፣ 25 እያለ ይወጣል፤ ከ14,000 በላይ ያለው 35 በመቶ ይቀረጣል። ቀጥሎ ጡረታ፦ ሠራተኛው 7 በመቶ ይቆረጥበታል፣ አሠሪው ከራሱ ኪስ 11 በመቶ ይጨምራል። እንግዲህ ልጅቷ 5,000 ብር ተጣርቶ እጇ እንዲገባ ከተፈለገ ፔሮል ላይ የሚጻፈው ደመወዝ 5,000 ሳይሆን ወደ 6,164 ብር ነው። ከሱ ላይ 733 ለግብር፣ 432 ለጡረታ ይሄዳል። ወዳጃችን ደግሞ የራሱን 678 ብር ይጨምራል። ድምሩ 6,842 ብር! ለሦስት ሰው ሲባዛ 20,527። ደብተሩ ላይ ካለው 15,000 ጋር ያለው ልዩነት በዓመት ከ66 ሺህ ብር በላይ ነው። ቡናው ቀዘቀዘ።

ገና ምን ተነካና። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ፣ ቁጥር 1156 የሚባለው፣ ለአንድ ሠራተኛ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ዕረፍት ይሰጣል፤ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርበታል። የሦስቱ ሲደመር 48 ቀን ነው። እነዚያን ቀኖች ማን ቡና ያፈላል? ወይ ተተኪ ትቀጥራለህ፣ ወይ ራስህ ሽርጥ ታጥቀህ ትቆማለህ። ሠራተኛ ቢታመም የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ። በዓል ቀን ያሠራ ቢያንስ እጥፍ ይከፍላል። ወሎ ውስጥ ደግሞ ይቺ ቀላል አይደለችም። ዒድም ገናም ፋሲካም ዐረፋም የሁላችንም ነው፣ ካፌው ጢም ብሎ የሚሞላው ያኔ ነው፣ «ዛሬ እንዝጋ» የሚል ነጋዴ የለም። በሥራ ላይ ጉዳት ቢደርስ፣ የፈላ ወተት እጇ ላይ ቢደፋ፣ ጥፋቱ የአሠሪው ባይሆንም ኃላፊነቱ የሱ ነው። ምሳው፣ የደንብ ልብሱ፣ አምሽተው ሲዘጉ የባጃጁ... እሱን «ልዩ ልዩ» ውስጥ ክተተው አልነው።

ወዳጃችን ደብተሩን ዘጋና የሚጠበቀውን ጥያቄ ጠየቀን። «እስኪ ዙሪያችሁን እዩ። ይኼ ሁሉ ካፌ፣ ሱቅ፣ ጸጉር ቤት፣ ፎቶ ኮፒ ቤት... ይሄን የሚከፍለው የቱ ነው?»

እውነቱን ነው። ብዙው አይከፍልም። እኛም አልከፈልንም።

በ2010 መጀመሪያ ላይ ሦስት ሆነን እዚሁ ደሴ አንዲት ጠባብ የጭማቂና የቁርስ ቤት ከፍተን ነበር። ደመወዝ 1,800 ብር። ውል የለ፣ ጡረታ የለ፣ ምን የለ። «ቤተሰብ ነን» ነበር የምንለው። (አሠሪ «ቤተሰብ ነን» ሲላችሁ ቦርሳችሁን ያዝ አድርጉ።) ከጥር 2010 ጀምሮ አብራን የነበረች ልጅ ነበረች። በር ከፋች እሷ፣ ሂሳብ ያዥ እሷ፣ ደንበኛ ሲቆጣ አብራጅ እሷ። በሁለት ዓመቷ አረገዘች። መጋቢት 2012 ላይ ሆዷ ሲገፋ ምን አልናት? «አብሽሪ፣ ወልደሽ ነይ፤ ቦታሽ አለ።» ደግ የሆንን መስሎን ነበር፣ ወላሂ! ለማረስ ብለን በግ መግዣ አዋጥተን ሰጠናት። ሕጉ ግን ሥራ ከጀመረ ወራት አልፎታል፦ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት፣ ከሙሉ ደመወዝ ጋር። አራት ወር መሆኑ ነው። እኛ የአራት ወር ደመወዟን ከልክለን በበግ አሰናበትናት። ከዚያ ኮሮና መጣ፣ ቤቱም ተዘጋ፣ «ቦታሽ አለ» ያልናትም ቦታ አብሮ ቀረ።

ያኔ «አተረፍን» ያልነው ገንዘብ የት እንደሄደ የገባን ቆይቶ ነው። የትም አልሄደም። ከእኛ ደብተር ላይ ተፍቆ እሷ ደብተር ላይ ተጻፈ። የአራት ወሩን ወጪ ባሏ ተበድሮ፣ እናቷ ከገጠር እህል ልካ ከፈሉት። አሠሪ ያልከፈለው ወጪ ጠፍቶ አያውቅም፤ ከፋዩ ነው የሚቀየረው።

ወዳጃችን ግን ገና አልተረታም። «እሺ እኛ ድሆች ነን፣ ኮምቦልቻ ያሉት ትልልቆቹስ? እነሱም የመጡት ሠራተኛ ርካሽ ነው ተብለው አይደል?» አለ።

ልክ ነው፣ ተብለው ነው። ሐረጎን ቁልቁል ወርደን የምናገኘው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2009 ሲመረቅ፣ ያን ሰሞን አገራችን ለውጭ ባለሀብት የምታስተዋውቀው ርካሽ መብራትና ርካሽ ጉልበት ነበር። ለግል ድርጅት ሠራተኞች አገር አቀፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል አልነበረም። ጉዳዩ በደንብ የተጻፈው ግን ከኮምቦልቻ አንድ ዓመት ቀድሞ በተከፈተው የሐዋሳው ፓርክ ላይ ነው። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድ ትምህርት ቤት በ2019 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ጥናት የልብስ ስፌት ሠራተኞቹ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። በዚያው ጊዜ ባንግላዴሽ 95፣ ኬንያ 207። በዓለም ላይ ከዚህ የረከሰ አልነበረም። እናስ? ፋብሪካዎቹ በአማካይ በየዓመቱ ሙሉውን ሠራተኛቸውን በአዲስ ይተኩ ነበር። መቶ ሰው ቀጥረህ በዓመቱ መቶ ሰው መልሰህ መቅጠር ማለት ነው!

ለምን ይሄዳሉ? ይሄ ጥናት አይፈልግም፤ ኮምቦልቻ ተከራይቶ የኖረ ያውቀዋል። ከቃሉም ከወረባቦም የምትመጣ ልጅ ለብቻዋ ቤት መከራየት አትችልም። ሦስት አራት ሆነው አንድ ክፍል ይይዛሉ፣ ከቤት በመጣ ዱቄትና በሶ ወሩን ይገፋሉ። ማለትም ፋብሪካውን የሚደጉመው የገጠር ገበሬ ነው። ገበሬው መደጎሙ ሲከብደው ልጅቷ ትመለሳለች። አሠሪው ደግሞ አዲሲቱን መርፌ እንዴት እንደሚቀየር ከማስተማር ይጀምራል፤ ጨርቅ ይበላሻል፣ ትእዛዝ ይዘገያል። ከመነሻ ደመወዙ ላይ የተቆጠበው በዚህ በኩል ይፈስሳል። ይህን የሚያሳይ ረድፍ የማንም ደብተር ላይ የለም፣ «ልዩ ልዩ» ካልሆነ በቀር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እናንተም ታውቁታላችሁ። በጥቅምት 2014 ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች ተያዙ፣ ኅዳር መጨረሻ ላይ ተመለሱ፣ በመሀሉ ፋብሪካዎች ተዘረፉ። ወር ሳይሞላ በጃንዋሪ 2022 (እ.ኤ.አ.) ኢትዮጵያ ከአጎዋ ወጣች። ያን ጊዜ አንድ ነገር በዓይናችን አይተናል። ፔሮል ላይ ስማቸው ያለ፣ ጡረታ የሚቆረጥላቸው ወዳጆቻችን ከስደት ሲመለሱ ቢያንስ «እዚህ እሠራ ነበር» የሚል ወረቀት ነበራቸው። የሚጠይቁት፣ የሚከሱት፣ የአገልግሎት ዘመናቸውን የሚቆጥሩበት ነገር አላቸው። አዋጁ ድርጅት ለዘለቄታው ሲዘጋ የስንብት ክፍያ ያዛል፣ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ። በእኛ ዓይነቱ «ቤተሰብ» ቤት ይሠሩ የነበሩት ግን ሠርተው እንደማያውቁ ሆኑ። ዓመታት ሙሉ ሰሃን ያጠበች ልጅ ማስረጃዋ ምንድን ነው? የተሰነጠቀ እጇ?

ወደ ወዳጃችን እንመለስ። ደብተሩን እንደገና ከፈተው፣ ደመረ፣ ቀነሰ፣ ጸጉሩን አከከ። በሦስት ሰው አይወጣም። ወይ የማኪያቶውን ዋጋ ከጎረቤቱ አስበልጦ ይሰቅላል፣ ወይ ሁለት ሰው ይቀጥራል።

«እንግዲህ ሁለት ልቅጠር» አለ፤ ቀጥሎ ግን አፋጠጠን። «ሦስተኛዋን ምን ልበላት? 'ሕግ ስለማከብር ሥራ የለም' ልበላት?»

እዚህ ላይ ዝም አልን። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ሥራ አጥቶ አደባባይ በሚውልበት ከተማ ይቺ ጥያቄ በቀላሉ አትመለስም። በእኛ እምነት ሁለቱን በወግ መቅጠር ይሻላል፤ በእኛ ቤት የሆነውን ስላየን። ግን ሦስተኛዋ ልጅ ፊት ቆመን ይህንኑ እንናገር እንደሆነ እንጃ። አንድ ነገር ግን ነገርነው፦ ልጆቹን ሲያናግር «አምስት ሺህ» ብሎ እንዳያቆም። ፔሮሉን አውጥቶ ያሳያቸው። ይህ ለግብር፣ ይህ ለጡረታሽ፣ ይህን ደግሞ እኔ እጨምራለሁ ይበል። እናንተም ነገ ተቀጣሪ ስትሆኑ «ስንት ነው?» ብቻ ብላችሁ አትመለሱ። «ጡረታ ይገባልኛል ወይ?» በሉ። ጥያቄው ነውር አይደለም። የ60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜ ሊያልቅ ሲል የሚያሰናብት ብልጥ አሠሪም ሞልቷልና ውሉ የተፈረመበትን ቀን ጻፉ።

ወዳጃችን ሂሳብ ከፍሎ ሲሄድ እኛ ያቺን እስክሪብቶ አልመለስንለትም። ፒያሳ እንደተቀመጥን የናፕኪን ጀርባ ላይ የራሳችንን አሰላን። የወሊድ ፈቃድ፣ አራት ወር በ1,800፣ 7,200 ብር። የጡረታ የአሠሪ ድርሻ፣ 11 በመቶ ለ26 ወራት፣ 5,148 ብር። በድምሩ 12,348። ያ ብር ዛሬ የዚያን ጊዜውን ያህል አይገዛም፣ እሱም ሌላ ዕዳ ነው። ልጅቷ አሁን ኮምቦልቻ ነው የምትኖረው፣ ልጇ ትምህርት ቤት ገብቷል። ስልኳ አለን። ከሦስታችን ማን ይደውል በሚለው ላይ እስካሁን አልተስማማንም።