ኋለኛው ለፊተኛው መልስ ሲሰጥ

አንድ ድርሰት ተወዶ በተነበበ ጊዜ «ከዚያስ በኋላ ምን ሆነ?» የሚል ጥያቄ ማስከተሉ የተለመደ ነው። ደራሲውም አንዳንድ ጊዜ ከፍቅር፣ አንዳንድ ጊዜም ከገበያ የተነሣ ተከታይ ይጽፋል። በአገራችን የጠፈርን ሳይንስ ከጣና ገዳማት ጋር ያገናኘው የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ከወጣ በኋላ፣ ተከታዩን «ራማቶሓራ»ን በጉጉት የጠበቀው አንባቢ ብዙ ነበር። ባለፈው ሰሞን ጫንጮ ውስጥ ከጥቂት ተማሪዎችና ከወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ጋር ስንጫወት የተነሣው ክርክር ይኸው ነበር፤ ተከታይ ከፊተኛው ሊበልጥ ይችላልን? ነገሩ በእነዚህ በሁለቱ መጻሕፍት ስላልተቋጨልን፣ የዚህ ዓይነት ድርሰት አውራ ወደሚባሉት ወደ ሁለት የውጭ ፊልሞች ተሻገርንና በሁለት ቅዳሜ ማታ አከታትለን አየናቸው።

ፊተኛው «2001» የተባለው ነው። ስታንሊ ኩብሪክና አርተር ክላርክ አብረው ደርሰውት፣ በኩብሪክ አዘጋጅነት እ.ኤ.አ. በ1968 ለሕዝብ ታየ። ኋለኛው «2010» ሲሆን፣ ክላርክ በ1982 ከጻፈው ልብ ወለድ ተወስዶ ፒተር ሃያምስ በ1984 ያዘጋጀው ነው።

ክላርክ ለጫንጮ ሰው ጨርሶ ባዕድ አይደለም። ከምድር ወገብ በላይ ወደ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከምድር ጋር እኩል የሚዞር ሳተላይት፣ ድምፅን ከአህጉር ወደ አህጉር ሊያደርስ እንደሚችል በ1945 ጽፎ ያስረዳ ሰው ነው። ከጫንጮ ወደ አዲስ አበባ ሲኬድ ሱሉልታ ላይ ያለው የሳተላይት የመሬት ጣቢያ የዚሁ ሐሳብ ፍሬ ነው።

ፊተኛው ፊልም ዝምተኛ ነው። ወደ 25 ደቂቃ ያህል አንድም ቃል ሳይነገር ይቆያል። በአፍሪካ ምድረ በዳ የሚኖሩ ገና ሰው ያልሆኑ ፍጥረቶች ከአንድ ጥቁር ድንጋይ ፊት ይቆማሉ፤ ከዚያም አንዱ አጥንት አንሥቶ መምታት ይማራል። አጥንቱን ወደ ሰማይ ሲወረውረው በዓይን ቅጽበት የጠፈር መንኰራኩር ሆኖ ይታያል። ሰውን ሰው ያደረገው የመግደያ መሣሪያ ነው ለማለት ነው። ይህን አባባል እኛ እንደ ወረደ አንቀበለውም። ፊልሙ ከወጣ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1974፣ ሉሲ አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ ተገኘች፤ ዕድሜዋም 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። በዚያው በአፋር ጎና ላይ የተገኙት 2.6 ሚሊዮን ዓመት የሆናቸው የድንጋይ መሣሪያዎች ደግሞ ለመቁረጫ የሚያገለግሉ ስለቶች ናቸው። ኩብሪክ ያሳየን ዱላ ነው፤ የእኛ መሬት የሰጠው ቢላዋ ነው። ቢሆንም ያቺ አንዲት ቅጽበት ከሲኒማ ታሪክ የምትፋቅ አይደለችም።

ኋለኛው ግን ወሬኛ ነው። ገና ከመጀመሪያው ያስረዳል፣ ይተርካል፣ ይመልሳል። አሜሪካኖችና ሶቪየቶች በአንዲት መንኰራኩር ተሳፍረው በጁፒተር አጠገብ የቀረችውን የፊተኛውን ፊልም መርከብ ሊመረምሩ ይሄዳሉ፤ ወዲህ በምድር ግን መንግሥታቸው ለጦርነት ይፋጠጣል። ሶቪየት ኅብረት በ1991 ስለ ፈረሰች፣ እውነተኛው 2010 በደረሰ ጊዜ ይህ ሁሉ ያረጀ ጋዜጣ መስሎ ነበር። (ፊተኛውም ቢሆን መንገደኛ ወደ ጠፈር የሚያመላልሰውን የፓን አም አየር መንገድ አሳይቶናል፤ ፓን አምም በዚያው በ1991 ተዘጋ። ትንቢት እንዲህ ነው።) በጥበብ ረገድ እንግዲህ ፍርዱ አያከራክርም፤ ፊተኛው ይበልጣል።

ይሁን እንጂ ፊተኛው በዝምታ ካለፋቸው ጥያቄዎች አንዱን ኋለኛው መልሶታል፤ ይህ መልስ ባይኖር ደግሞ እኛ እንጎዳ ነበር። ጥያቄው ስለ ሐል ነው። ሐል መርከቧን የሚመራው፣ እንደ ሰው የሚናገረውና ስሕተት አያውቅም የተባለለት ኮምፒዩተር ነው። በፊተኛው ፊልም ሐል መንገደኞቹን ይገድላል። አንድ ብቻ ተርፎ ሐልን ያጠፋዋል። ተመልካቹ «መኪና አይታመንም» ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። ዛሬ ከሰው ጋር የሚነጋገር መሣሪያ በየስልካችን ስለ ገባ ይህ ፍርሃት ይብስ አድጓል።

ኋለኛው ፊልም ግን የሐልን ፈጣሪ ዶክተር ቻንድራን አምጥቶ መዝገቡን ያስመረምረዋል። የተገኘውም ይህ ነው። ሐል የተሠራው ያወቀውን ሳያጣምምና ሳይደብቅ ለመናገር ነበር። ከበላይ የመጣው ትእዛዝ ግን የጉዞውን እውነተኛ ምክንያት ከሚያገለግላቸው ሰዎች እንዲሰውር አስገደደው። ሁለቱን ትእዛዝ በአንድነት መፈጸም አይቻልም። እውነቱን የሚጠይቁት ሰዎች ባይኖሩ ግን መዋሸቱም አይኖርም። ሐል የደረሰበት መፍትሔ ይህ ነበር፤ ጥፋቱም የመኪናው ሳይሆን የትእዛዙ ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ ላይ ከመካከላችን በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የሚሠራ ወጣት ፊልሙን አቁሙልኝ አለ። አንዲት እናት ስለ ቦታቸው ጉዳይ ለወራት ተመላልሰዋል። መዝገቡ ከቁም ሣጥኑ ውስጥ ነው፤ አለቃው ግን «ተፈልጎ አልተገኘም በላቸው» ብሎታል። «ልጄ፣ ዛሬስ ተገኘ?» ባሉት ቁጥር ምን እንደሚያደርግ ሲነግረን አንገቱን ደፍቶ ነበር። መጀመሪያ ዓይናቸውን ማየት ተወ። ቀጥሎ በበሩ ሲገቡ ካያቸው ወደ ጓሮ መውጣት ጀመረ። በመጨረሻም ተሳደበባቸው፤ ሁለተኛ እንዳይመጡ። «ክፉ ሰው መሆኔ ነው ብዬ ነበር» አለን።

ክፉ ነህም አይደለህምም አላልነውም። ሐል መግደሉ ባይካድም፣ ያዘዙት ሰዎች ደግሞ በምድር በቢሮአቸው በደኅና ተቀምጠው ነበር። ሌላው ጓደኛችን ታዲያ «እኔ ብሆን አለቃዬን በጽሑፍ ይዘዙኝ እለዋለሁ» ቢል፣ ሦስተኛው «በማግሥቱ ወዴት እንደምትዛወር አውቃለሁ» ብሎ አሳቀን። ሣቁ ግን ብዙ አልቆየም።

ፊልሙን ቀጠልን። በመጨረሻው ላይ መንገደኞቹ ይድኑ ዘንድ ሐል የሚመራት መርከብ እዚያው ቀርታ መጥፋት አለባት፤ ሐልም አብሯት። ከሰዎቹ ብዙዎቹ እውነቱ ቢነገረው እንደ ፊተኛው ያምፃልና ይሰወርበት ባዮች ናቸው። ሰዓቱ እያለቀ ሐል ራሱ ይጠይቃል። ቻንድራ ጥቂት ያመነታና ሁሉን እንዳለ ይነግረዋል። ሐልም እውነቱን ስለ ነገረው አመስግኖት ሥራውን ይፈጽማል።

ወጣቱ ይህችን ቦታ መልሳችሁ አሳዩኝ አለን። ሁለት ጊዜ አየናት። ከዚያም የጫንጮ ብርድ ስለ በረታ ሻዩን ጨርሰን ተነሣን።