በምንድን ነው የሚታጠበው?

መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከከለከለ ወዲህ ያለውን መኪና ጠግኖ መንዳት ምርጫ ሳይሆን ግዴታ ሆኗል። ሞተር ይወርዳል፣ ቴስታታ ይፈታል፣ ካምቢዮ ይከፈታል። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ሥራ ማጠብ ነው። ማጠቡ ደግሞ በብዙ ጋራዥ የሚሰጠው ለትንሹ ረዳት ነው። በምን እንደሚያጥብ የሚወስነው እውቀት አይደለም፤ ዋጋ ነው። ወይ በተቆረጠ ጄሪካን ውስጥ ቤንዚን ይቀርብለታል፣ ወይ በሙቅ ውሃ የተበጠበጠ ኮስቲክ ሶዳ።

ሁለቱም ቅባት ያነሳሉ። ክርክሩ ግን ማንሳታቸው ላይ አይደለም፤ አብረው የሚወስዱት ነገር ላይ ነው።

ኮስቲክ ሶዳ የሞተር አካል በአብዛኛው ከብረት ይሠራ በነበረበት ጊዜ የተለመደ ማጠቢያ ነው። ብረት ይችለዋል። ዛሬ ግን የአብዛኛው አውቶሞቢል ቴስታታና የካምቢዮ ቤት አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየምን ከዝገት የሚጠብቀው በላዩ ላይ ያለ እጅግ ስስ ሽፋን ነው። ኮስቲክ ሶዳ መጀመሪያ ያንን ሽፋን ያሟሟል፣ ከዚያ ወደ ራሱ ብረቱ ይገባል። ረዳቱ "እየጸዳ ነው" ብሎ የሚደሰትበት አረፋ፣ አሉሚኒየሙ ሲበላ የሚወጣ ሃይድሮጅን ጋዝ ነው። ጋዙ በእሳት ይቀጣጠላል። የቴስታታው ፊት ከተቦረቦረ ደግሞ አዲስ ጋስኬትም በደንብ አይገጥምለትም። ከወር በኋላ ውሃና ዘይት ሲቀላቀል ባለመኪናው የሚወቅሰው ጋስኬቱን የሸጠለትን ነጋዴ ነው። ማጠቢያውን የሚጠረጥር የለም።

ቤንዚን በተቃራኒው አሉሚኒየሙን አይነካም፤ የሚጎዳው ሰውን ነው። ትነቱ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ እንኳ ሊቀጣጠል ይችላል። ስለዚህ የአዲስ አበባ ብርድ አያቆመውም፤ ከጎን ያለ የብየዳ ፍንጣሪ ይበቃዋል። በውስጡ ያለው ቤንዚን የተባለ ኬሚካል (በእንግሊዝኛ አጠራሩ ቤንዚይን) የደም ካንሰር እንደሚያመጣ በዓለም አቀፍ ደረጃ የተረጋገጠ ነው። በባዶ እጁ ቀኑን ሙሉ ሲነክር የሚውለው ልጅ ይህን የነገረው የለም።

"እንግዲያውስ በቆርቆሮ የሚመጣውን የፍሬን ማጽጃ እንጠቀም" የሚሉ አሉ። እሱም በስሙ ብቻ አይታመንም። ክሎሪን ያለበት ዓይነት ሳይደርቅ ብየዳ ካገኘው ፎስጂን የተባለ ገዳይ ጋዝ ይፈጥራል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በዲሴምበር 2024 ትራይክሎሮኢትሊንን ሙሉ በሙሉ፣ ፐርክሎሮኢትሊንን ደግሞ ለተራ ሸማች በሚሸጡ ምርቶች ሁሉ እንዲቀር ወስኗል። ክሎሪን የሌለው ሁሉ ደኅና ነው ማለትም አይደለም። በካሊፎርኒያ ሄክሳን ባለበት ማጽጃ የሠሩ መካኒኮች እጅና እግራቸው እየደነዘዘ በነርቭ ሕመም ተይዘው ነበር። አንዱን መርዝ በሌላ መለወጥ መፍትሔ አይሆንም።

ትክክለኛው ምርጫ ብዙ ምርምር አይጠይቅም። በውሃ የሚሟሟ፣ ኮስቲክ የሌለው፣ ፒኤቹ ወደ 7 የተጠጋ ወይም ከዚያ በመጠኑ ከፍ ያለ፣ ለአሉሚኒየም እንደሚሆን በግልጽ የተጻፈበት ማጽጃ ነው። ለቀላል ቅባት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙናና ሙቅ ውሃም ይሠራል። የደረቀውን መጀመሪያ በፕላስቲክ መፋቂያ ማንሳት፣ ማጽጃውን በማይታይ ቦታ መሞከር፣ ከተባለው ደቂቃ በላይ አለመዘፍዘፍ፣ በንጹህ ውሃ ማለቅለቅና ማድረቅ ያስፈልጋል። በሙከራው ላይ ብረቱ ከጠቆረ ወይም አረፋ ከፈላበት ያ ማጽጃ አይሆንም።

ጋራዦች "ይህ ይወደድብናል" ቢሉ ግማሽ እውነት አላቸው። ጠርሙሱ ይወደዳል፤ ልፋቱም ይበዛል። ነገር ግን ብዙዎቹ በውሃ የሚቀጥኑ ስለሆኑ አንዱ ጠርሙስ ብዙ ጊዜ ያጥባል። የተቦረቦረ ቴስታታ ማስላጨት ወይም ሶማሌ ተራ ወርዶ ሌላ መግዛት ግን የስንት ጠርሙስ ዋጋ እንደሚያወጣ ባለጋራዡ ከማንም በላይ ያውቃል።

ሕጉም አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ስለ ሥራው አደጋ ለሠራተኛው እንዲያስረዳና መከላከያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ጓንትና የዓይን መነጽር ባለቤቱ ሲፈልግ የሚሰጠው ችሮታ አይደለም። የጎደለው ጋራዥ ድረስ ወርዶ ጄሪካኑ ውስጥ ምን እንዳለ የሚጠይቅ ተቆጣጣሪ ነው። አስመጪዎችም የማጽጃውን ይዘትና አደጋ በአማርኛና በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች በጠርሙሱ ላይ እንዲለጥፉ ሊገደዱ ይገባል። ረዳቱ ማንበብ የማይችለው ማስጠንቀቂያ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል።

ተቆጣጣሪው እስኪመጣ ድረስ ግን ባለመኪናው ሥልጣን አለው። ስለ ዋጋና ስለ ቀጠሮ የሚጨቃጨቅ ደንበኛ "በምንድን ነው የሚታጠበው?" ብሎ መጠየቅ አያቅተውም። ጥያቄው ቴስታታውን ያድናል። ከቴስታታው በፊት ግን የልጁን እጅና ሳንባ ያድናል።