በሠራተኛ ስልክ ስለሚገኝ የንግድ ማስረጃ

ቀድሞ የንግድ ውል በደብዳቤ ተጽፎ በፋይል ይቀመጥ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ዛሬ ግን በመሃል ከተማችን ዋጋ የሚነገረው፥ ዕቃ የሚታዘዘው፥ የቴሌብር ክፍያም የሚረጋገጠው በአብዛኛው በሠራተኛ የእጅ ስልክ ነው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መልእክት በኤሌክትሮኒክ መልክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንደማያጣ ደንግጓል። እንግዲህ ክርክር ከተነሣ በኋላ መልእክቱን የሚያጠፋ ወይም ስልኩን የሚሸጥ ሠራተኛ የአሠሪውን ምስክር ከችሎት እንዳስቀረ ይቈጠራል።

ይሁን እንጂ አሠሪው የሠራተኛውን የግል ስልክ ነጥቆ ሊበረብር አይገባውም፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የስልክ ግንኙነትን ከመደፈር ጠብቋልና። በእኔ በጸሐፊዋ አስተያየት የሚሻለው ለንግዱ የተለየ ስልክ መግዛትና ሠራተኛው ሲሰናበት በፊርማ መረካከብ ነው። ጠብ ሲነሣም የመልእክቱ ፎቶግራፍ ብቻ አይበቃም፤ የላኪው ቁጥር፥ ቀኑና ሰዓቱ የሚታይበት ዋናው መልእክት ሳይነካ ይቆይ፤ ግልባጩም በሌላ ስፍራ ይቀመጥ።

ሌላ ድንጋጌ ከሌለ በቀር የውል ክስ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1845 መሠረት እስከ 10 ዓመት ሊቀርብ ይችላል። የአንድ ስልክ ዕድሜ ግን ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ ደረሰኙን በካዝና የሚቈልፍ ነጋዴ ለመልእክቱም እንዲሁ ይጠንቀቅ።