ስንመለስ ምን ሠርተን ልንኖር ነው?

ባለፈው ወር አንድ የድሮ ባልደረባዬ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ቡና ልጋብዝህ ብሎ ቀጠረኝ። አገር ቤት ሳለን በአንድ የመንግሥት ጋዜጣ እሱ ሪፖርተር፣ እኔ አዘጋጅ ሆነን ስድስት ዓመት አብረን ሠርተናል። ገና እንደተቀመጥን ወደ ጉዳዩ ገባ።

«ጠቅልለህ ልትገባ ነው ሲሉ ሰማሁ፤ እውነት ነው?»

እውነት ነው አልኩት።

«ገብተህ ምን ልትሠራ?»

ነገርኩት። ለአፍታ ዝም ብሎ አየኝና፣ «አንተ? የስንቱን ጽሑፍ ስታርም የኖርክ ሰው አገርህ ገብተህ ሽማግሌ ልታጥብ?» አለኝ።

የዚያን ዕለት የሚረባ መልስ አልሰጠሁትም። ወሬ ቀየርን፣ ሒሳቡን ከፈለና ተለያየን። ጥያቄው ግን የእሱ ብቻ እንዳልሆነ ስለማውቅ መልሴን እዚህ ልጽፈው ወሰንኩ።

ከአገር የወጣሁት በ1998 ዓ.ም. ነው። በ1997ቱ ምርጫ ማግስት በዜና ክፍላችን የሆነውን ከዚህ በፊት ጽፌዋለሁና አልመለስበትም። 36 ዓመቴ ነበር። በሁለት፣ ቢበዛ በሦስት ዓመት እመለሳለሁ ብዬ መጻሕፍቴን በካርቶን አሽጌ እናቴ አልጋ ሥር አስቀምጬ ነው የወጣሁት። ዛሬ 56 ሞላኝ።

በእነዚህ ዓመታት እኛ ስደተኞች ለመመለስ ያልተዘጋጀንበት ቀን አልነበረም ማለት ይቻላል። ግን ምኑን ነበር ስናዘጋጅ የኖርነው? የሽግግር መንግሥት ቻርተር አዘጋጅተናል። ረቂቅ ሕገ መንግሥት አዘጋጅተናል። በሆቴል አዳራሽ ተሰብስበን በሰንደቅ ዓላማ ጉዳይ እስከ እኩለ ሌሊት ተከራክረናል (እኔም ከተከራካሪዎቹ አንዱ ነበርኩ)። አገሪቱ እኛን ለመቀበል እንዴት መዘጋጀት እንዳለባት ያልጻፍነው ነገር የለም። አንድ ሰው ብድግ ብሎ «አቶ እገሌ፣ እርስዎ በግልዎ አገር ሲገቡ በምን ይተዳደራሉ?» ሲል ግን ሰምቼ አላውቅም። መልሱ የታወቀ ይመስለን ነበር። ጋዜጠኛው ወደ ጋዜጣው፣ መምህሩ ወደ ዩኒቨርሲቲው፣ መኮንኑ ወደ ጦሩ። ወንበራችን አቧራ ለብሶ እንደተውነው የሚጠብቀን ይመስል!

በሩ የተከፈተ ጊዜ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ሐምሌ 21 ቀን 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ «ግንቡን እናፍርስ፣ ድልድዩን እንገንባ» በሚል መሪ ቃል ዋሽንግተን ላይ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ሲያነጋግሩ እኔም እዚያ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ በስደት የነበሩ መገናኛ ብዙኃን አዲስ አበባ ቢሮ ከፈቱ። የማውቃቸው ሰዎች ሶፋቸውን ሸጠው፣ የቤት ኪራይ ውላቸውን አፍርሰው ገቡ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ከእነዚያ ውስጥ ሥራ ይዘው እዚያው የቀሩ አሉ፤ በ2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ታስረው የተፈቱ አሉ፤ ተመልሰው መጥተው ሁለተኛውን ስደት ከዜሮ የጀመሩም አሉ። እነዚህን የመጨረሻዎቹን ሳይ አንጀቴን ይበሉኛል። ጥፋቱ የእነሱ ብቻ ነው ለማለት አልደፍርም። የመንግሥት ጠባይ ሲለወጥ ግን ሥራቸውም፣ እንጀራቸውም፣ አገራቸውም አብሮ ከእጃቸው ወጣ፤ ሁሉንም በአንድ ገመድ አስረውት ነበርና።

እኔ ቸኩዬ አልገባሁም። ያዘገየኝ ጥበብ ሳይሆን ፍርሃት ነው። በጥር 2011 ዓ.ም. ግን ለስድስት ሳምንት ሄድኩ። አንድ የዜና ክፍል፣ የትኛው እንደሆነ ይቅር፣ በእንግድነት ተቀበለኝ። አዘጋጁ እኔ ስወጣ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ የነበረ ወጣት ነው። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፣ ሻይ አዘዘልኝ፣ ከዚያም በትሕትና «ጋሼ፣ ከእኛ ጋር ምን ቢሠሩ ደስ ይልዎታል?» ብሎ ጠየቀኝ። አርትዖት አልኩት። ፈገግ ብሎ፣ አሁን ዜና መጀመሪያ ይወጣል፣ ከዚያ ነው የሚታረመው አለኝ። ቪዲዮ ማቀናበር እችል እንደሆነ ጠየቀኝ። አልችልም። የማኅበራዊ ሚዲያ ሥራስ? እሱንም አልችልም። «እንግዲያውስ አንድ ቀን መጥተው ልምድዎን ቢያካፍሉን ደስ ይለናል» አለኝ።

ልምድ ማካፈል! አንድ ሰው ሥራ እንደሌለው በጨዋ አማርኛ ሲነገረው እንዲህ ነው የሚባለው። ዕድሜዬን ሙሉ ቃል ስመዝን ስለኖርኩ ትርጉሙ አልጠፋኝም። ልጁን አልቀየምኩትም፤ በእሱ ቦታ ብሆን እኔም ይህንኑ ነበር የምለው።

አሁን ለብዙ ጊዜ ያልተናገርኩትን ልናገር።

አሜሪካ እንደመጣሁ ፓርኪንግ ሠራሁ፣ ከዚያ ታክሲ ነዳሁ። ኡበር መጥቶ የታክሲው ገቢ ሲያሽቆለቁል፣ በ2006 ዓ.ም. እንደ ብዙዎቻችሁ ሲኤንኤ ተማርኩ። የፌዴራሉ ሕግ ቢያንስ 75 ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃል፤ ክፍለ ግዛቶች ከዚያ በላይ የሚጨምሩ አሉ። ከዚያ ወዲህ እንጀራዬ የነርሲንግ ሆም የማታ ሺፍት ነው። ለእናቴና ለእህቴ የነገርኳቸው ግን «ቢሮ ነው የምሠራው» ብዬ ነው። ምን ዓይነት ቢሮ ብለው አልጠየቁኝም፤ እኔም አላብራራሁም።

እናቴን በ2013 ዓ.ም. ስትሮክ መታትና ጉለሌ ባለው ቤታችን አልጋ ላይ ዋለች። ሰባት ወር ተኛች። ታላቅ እህቴ ሥራዋን ትታ አስታመመቻት፤ ከእሷ የበለጠ የሚያስታምም ልጅ የለም። በአራተኛው ወር በስልክ፣ «ጀርባዋ ላይ ትንሽ ቁስል ወጥቶባታል፤ ቅባት እየቀባናት ነው» አለችኝ።

ያ ቁስል ምን እንደሆነ አውቅ ነበር። በዚያው ሌሊት ሜሪላንድ ውስጥ የሌሎች ሰዎችን እናቶች በየሁለት ሰዓቱ ሳገላብጥ ነው ያደርኩት፤ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ጀርባ፣ ተረከዛቸው ፍራሹን እንዳይነካ እግራቸው ሥር ትራስ እያደረግሁ፣ ሰዓቱን ወረቀት ላይ እየጻፍኩ። የመኝታ ቁስል በዋናነት የሚከላከሉት በዚህ ነው። ለእህቴ በአምስት ደቂቃ ልነግራት እችል ነበር። አልነገርኳትም። «አንተ ይህን ከየት አወቅህ?» ትለኛለች ብዬ ፈራሁ። መጽሐፍ ላይ አነበብኩ ማለት ይቻል ነበር፤ ሰው ሲያፍር ይህንን ያህል እንኳ አያስብም። «ሐኪም ቤት ውሰጃት፣ ብር እልካለሁ» አልኳት። ብሩን ላክሁ። ቁስሉ ወደ ደም ገባ ተባለ። እናቴ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ አረፈች።

ለእህቴ እውነቱን የነገርኳት ከዓመት በኋላ ነው። ስልኩን አልዘጋችብኝም፤ ግን ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። በመጨረሻ «ታዲያ አሁን መጥተህ አስተምረና» አለችኝ።

ለአዲሱ ሙያ መዘጋጀት የጀመርኩት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። አሥር ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝን ሥራ «ለጊዜው» እያልኩ ስሠራው ኖሬ ነበርና እንደገና እንደ ተማሪ ያዝኩት። በሽተኛን ከአልጋ ወደ ወንበር በወገብ ቀበቶ ማዛወርን ከፊዚዮቴራፒስቶቹ ሥር ቆሜ ተማርኩ። ስትሮክ የመታው ሰው ምግብ ወደ ሳንባው እንዳይገባ ቀና ብሎ፣ በትንሽ በትንሹ እንዴት እንደሚጎርስ ተማርኩ። አዲስ ሠራተኞችን ላሠልጥን ብዬ ጠይቄ ተፈቀደልኝ፤ ማወቅና ማስተማር ለየቅል መሆኑን ያየሁት እዚያ ነው።

አንድ አገራችን ሴትዮ እኛ ጋ ነበሩ። ሕመሙ እንግሊዝኛቸውን ወስዶት አማርኛቸው ብቻ ቀርቶ ነበር። ሠራተኞቹ «ሌሊት ሌሊት ይቆጣሉ፣ ይሳደባሉ» ብለው ጽፈውባቸዋል። ገብቼ ብሰማቸው «በሩን ዝጉት፣ ብርድ ገባ» ነው የሚሉት። በሩን ዘጋሁት፤ ተኙ።

ማስታወሻዬን በአማርኛ ስጽፍ የድሮው ሙያዬ ደግሞ ከተኛበት ተነሳ። ለዲሜንሺያ «መጃጀት» ብዬ ጻፍኩና ሰረዝኩት፤ በሽታ ሳይሆን ስድብ ነው። «የመርሳት ሕመም» አልኩት። «የሽንት ጨርቅ» ለአዋቂ ሰው ውርደት ሆነብኝና «ዳይፐር» ብዬ ተውኩት። በዋና ጽሑፍ ላይ እንኳ እንዲህ የተጨነቅሁ አይመስለኝም።

የማስበው ሥራ ትንሽ ነው። በእናቴ ቤት ሁለት ክፍል አለ። ከእህቴና ከአንዲት ጡረታ ከወጡ ነርስ ጋር ሆነን በሰው ቤት አረጋዊ የሚጠብቁ ሠራተኞችን በአራት በአራት እየተቀበልን እናሠለጥናለን። እህቴ በሰፈራችን ብቻ አልጋ ላይ የዋለ ሰው ያለበት ዘጠኝ ቤት ቆጥራለች። በስድስቱ ልጆቹ ውጭ ናቸው። ብር ይላካል፤ ከገጠር የመጣች የ18 ዓመት ልጅ ትቀጠራለች፤ ማንም ምንም አላሳያትም። እንደ መቄዶንያ ያሉ ማዕከላት ጧሪ ቀባሪ ያጡትን ያነሳሉ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። እነዚህ ግን ጧሪ አላቸው። ያጡት የሚያውቅ እጅ ነው።

ይህን የምዘረዝረው ሁላችሁም ሲኤንኤ ሁኑ ለማለት አይደለም። ዲግሪያችንን ግድግዳ ላይ ሰቅለን፣ በእርግጥ የምንሠራውን ከዘመድ ደብቀን የምንኖር ብዙ ነን። ለ15 ዓመት የከተማ አውቶቡስ የነዳ ሰው በሰዓቱ የሚደርስ አውቶቡስ እንዴት እንደሚሰማራ ያውቃል። የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ያስተዳደረች ሴት ለአምስት መቶ ሕፃን በንጽሕና ማብሰልን ታውቃለች። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን በጥቂት ወራት ውስጥ ሲመለሱ ያለቀስነው ትክክል ነበር፤ ግን ከመካከላቸው ለዓመታት በሽተኛ ያስታመሙ፣ ትልልቅ ቤት ያስተዳደሩ ሴቶች ነበሩ። ምን ታውቂያለሽ ብሎ የጠየቃቸው ስንት ሰው ነው? እኛም ራሳችንን አንጠይቅም።

ለመግባት ለምታስቡ ጥቂት ደረቅ ነገሮችም አሉ። ሌላ ዜግነት የወሰድን ሰዎች በአዋጅ ቁጥር 378/1996 ኢትዮጵያዊ ዜግነታችን ቀርቷል። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የሚሰጠው የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ፣ ሰው ሁሉ ቢጫ ካርድ የሚለው፣ ያለ ቪዛና ያለ ሥራ ፈቃድ ለመኖርና ለመሥራት ያስችላል። መምረጥና መመረጥ ግን የለበትም። ፖለቲካ ፖለቲካ ስንል የኖርን ሰዎች ይህችን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ብናነባት አይከፋም። በአገራችን መደበኛው የጡረታ ዕድሜ 60 ነው፤ የጡረታ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል። በ56 ዓመቱ ልቀጠር የሚል ሒሳቡን ራሱ ይሥራው። እዚህ 40 ነጥቡን የሞላ የአሜሪካ ዜጋ ከ62 ዓመቱ ጀምሮ የተቀነሰውን ሶሻል ሴኩሪቲ አገር ቤት ሆኖ መቀበል ይችላል፤ የግሪን ካርድ ባለቤት ግን ከስድስት ወር በላይ ሲቆይ የሚመለከተው ሌላ ደንብ ስላለ አስቀድሞ ይጠይቅ። ሜዲኬር በመሠረቱ ከአሜሪካ ውጭ ለታከሙበት አይከፍልም። የደም ግፊት ኪኒን ለምውጥ ለእኔ ይህ ቀልድ አይደለም። ስለ ዶላሩ ደግሞ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ሲያልፍ ብዙዎቻችን ደስ ብሎን ነበር። ጤፉና የቤት ኪራዩስ ቆመው ጠበቁን?

ወደ ባልደረባዬ ልመለስ። ሽማግሌ ማጠቡ ብቻ አልነበረም ያሳሰበው። ስንለያይ በር ላይ «ብዕርህንስ?» ብሎኛል። ከባዱ ጥያቄ ይኼኛው ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት አማራ ክልል ውስጥ የተነሳው ውጊያ ስንት ቤት እንዳፈረሰ እናውቃለን፤ በጻፉት የታሰሩ ባልደረቦቻችንንም በስም እናውቃቸዋለን። የጻፍኩትን ሁሉ በስሜ ነው የጻፍኩት። እዚያ ሆኜ እንደዚህ አልጽፍም፤ እጽፋለሁ ብዬ አልዋሽም። ይህ ለእኔ ኪሳራ ነው፤ ምናልባት ለጥቂት አንባቢዎችም። «ፈርቶ ዝም አለ» የሚለኝ ይኖራል። ይበል። 20 ዓመት ሙሉ ስለ ሕዝብ ስጽፍ አንድ ጊዜ ዝም ያልኩበት ስልክ ነው እስከ ዛሬ የሚያስነሳኝ። ለማንም ግቡ አልልም፤ አትግቡም አልልም። እኔ ግን ቲኬቴን ቆርጫለሁ፤ ከፋሲካ በኋላ ነው።

እስከዚያ ማስታወሻውን ጨርሼ በድምፅም እቀርጸዋለሁ፤ የተማሩም ያልተማሩም አስታማሚዎች እንዲሰሙት። አገር ቤት አልጋ ላይ የዋለ ወላጅ ያላችሁ በዝግጅት ክፍሉ በኩል ጠይቁኝ፤ እልክላችኋለሁ። እስከዚያው ግን ዛሬውኑ ደውሉና በየሁለት ሰዓቱ እንዲያገላብጧቸው ንገሩ።