ከሳጥኑ ትል በፊት የማሳችን ትል



ከቡሬም ከፍኖተ ሰላም ዙሪያም «የቨርሚኮምፖስቱን ትል ስጠንና ማሳችን ላይ እንበትነው» የምትሉኝ በዝታችኋል። ኮምፖስቱን አዘጋጁ፣ በጣም ጥሩ ነው። ትሉን ማሳ ላይ መበተን ግን ከንቱ ልፋት ነው። ያ ቀይ ትል ኑሮው እበትና የበሰበሰ ቅጠል ውስጥ ነው፤ ባዶ አፈር ላይ ብትጥሉት አይሰነብትም። የማሳው ትል ሌላ ዝርያ ነው፤ አፈሩን ሰርስሮ ወደ ታች የሚገባ፣ ያለ በሬ የሚያርስ።

የሞተውን ሥርና ቅጠል ከአፈር ጋር በልቶ ድቡልቡል አድርጎ ያወጣዋል። ያ ድቡልቡል አፈር በዝናብ ቶሎ አይፈርስም። በሄደበት ቀዳዳ ውሃው ይሰርጋል፣ የበቆሎው ሥርም ይወርዳል። ትል የጠፋበትን ተዳፋት ማሳ እዩት፤ የሐምሌ ዝናብ ላዩን ይደፍነውና አፈሩን ጠርጎ ይወስደዋል። በስንት ብር የገዛችሁት ዩሪያም አብሮ ይሄዳል!

ታዲያ ምን አጠፋው? ምግቡን ወሰድንበታ። አገዳው ለከብት፣ እበቱ ለኩበት። እርግጥ ማገዶ ለሌላት እናት «ኩበት አትጠፍጥፊ» ማለት ቀላል አይደለም፣ እኔም አልልም። ከአገዳው ግን ጥቂቱ እንኳ ማሳ ላይ ይቅርለት። ጤፍ የላመ አፈር ይፈልጋል፣ ይሁን። በቆሎን እንደ ጤፍ ደጋግሞ ማረስ ግን ለእኔ ትሉንም በሬውንም መጉዳት ነው። ደግሞ የእኛ ቀይ አፈር ብዙ ቦታ አሲዳማ ሆኗል፤ በጣም በኮመጠጠ አፈር ትል አይበዛም። ኖራ ስትጨምሩ የምትረዱት ሰብሉን ብቻ አይደለም።

ማስረጃ ከፈለጋችሁ ጓሯችሁ አለ። አመዱ ኮምጣጣነቱን ይቀንሳል፣ ጥራጊውና እበቱ ምግብ ይሆናል፤ ስለዚህ እዚያ ስትቆፍሩ ትል አይጠፋም።

ሪፖርት ላይ የሚሞላው የሳጥን ብዛት ነው፤ ማሳው ውስጥ ስንት ትል አለ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔ መጠየቅ አለበት ባይ ነኝ። አፈሩ እርጥብ ሳለ ጎኑ 30፣ ጥልቀቱም 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ቆፍሩ፤ አፈሩን ማዳበሪያ ጆንያ ላይ ዘርግታችሁ ትሉን ቁጠሩ። አሥርና ከዚያ በላይ ከሆነ ደህና ነው። አንድ ከጓሮ፣ አንድ ከማሳ አድርጉና ሁለቱንም ቁጥር ጻፉልኝ። ማሳው አምና ምን እንደተዘራበት መጻፍም አትርሱ።